ያልተቀደደው ላስቲክ

ላስቲክ አንጣፊው ካሤ በሆቴሉ ባዶ የመዋኛ ገንዳ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ትናንት የተዘረጋው አዲሱ ሰማያዊ ላስቲክ ከራሱ ሥር በደም ጠቁሯል። ኢንስፔክተር ምንትዋብ በመሰላሉ ልትወርድ ስትል፣ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ዘመነ ከላይ ጮኸ።

«ጫማዎን ያውልቁ! ጠጠር ላስቲኩን ይበሳዋል። ካሤ እንኳ በባዶ እግሩ ነው የሚሠራ።»

አወለቀች። ሬሳው አጠገብ ስትደርስ ግን ቆም አለች። ካሤ ጫማውን እንዳደረገ ነው፤ ሶሉ ውስጥ እርጥብ ጭቃ ተሰግስጓል። ሰቆጣ ዝናብ ካየች ወራት አልፈዋል። ላስቲኩ ላይ ደግሞ አንድም የጫማ ዱካ የለም።

ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አየች። ክብ ማሰሪያው በብሎን ጠብቋል፤ መሃሉ ላይ ያለው ላስቲክ ግን እንደተወጠረ ነው።

«ይህ ለምን አልተከፈተም?»

«ማሰሪያው ከጠበቀ በኋላ ነው መሃሉ በምላጭ የሚቀደድ። ዛሬ ልንቀደው ነበር።»

የሆቴሉ ባለቤት ሐጂ ዓብዱረሕማን መቀመጥ አቅቷቸው በገንዳው ዙሪያ ይመላለሳሉ።

«ሐጂ፣ ጧት ማንን አዩ?»

«ከሱብሒ ሶላት ስመለስ ተስፋውን አየሁት ልጄ። አሮጌውን ላስቲክ በባለ አንድ ጎማው ካርዮላ ጭኖ በጓሮ በር ሲገባ። ምነው በማለዳ ስለው፣ ሥራ ልናፋጥን ነው አለኝ።»

ተስፋው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ነው።

«ካሤን ጧት በደኅና ነበር የተለየሁት» አለ። «ማፍሰሻውን ሲሞክር ነበር። ባልዲ ውኃ ደፋበት፤ ውኃው እየተንቆረቆረ ወረደ። ከዚያ አዳልጦት ይሆናል። ይልቅ ዘመነን ይጠይቁት፤ ትናንት ተጣልተው ነበር።»

ዘመነ አልካደም። «ሥራውን ትቶ የማፍሰሻውን ቧንቧ ሲከተል ዋለ። ወዴት ነው የሚሄደው እያለ ነዘነዘኝ። እኔም ምን አገባን ብዬ ጮህኩበት።» ወደ ሬሳው ዞረ። «ምን አገባን አልኩት!»

ምንትዋብ ከዚያ ወዲያ መቆም አልቻለችም። በጓሮ በር ወጥታ የቧንቧውን መስመር ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ታች፣ ገንዳው በዚህ ሰሞን ሲራገፍ ውኃው የተኛበት ቦታ ገና ጭቃ ነው፤ ሣሩ በገንዳው ውኃ መድኃኒት ነጥቷል። አንድ ድንጋይ ላይ ደም ደርቋል። ከድንጋዩ አጠገብ የአንድ ጎማ መስመር ሽቅብ ይሄዳል። ከጭቃው በታች ሴቶች ጀሪካን ይዘው ምንጩን ከበዋል።

ተመልሳ ሦስቱንም ገንዳው ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ካሤ እዚህ አልሞተም» አለች። «እዚህ ቢሠራ ኖሮ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ጭቃ በጫማው ረግጦ ቢገባም ዱካው ይታይ ነበር። ስለዚህ ሞቶ ነው ከዳር የተጣለው። ጭቃው ያለው ቧንቧው የሚያበቃበት ቦታ ብቻ ነው። የጎማው መስመር ከዚያ ወደዚህ ይመጣል። አሮጌ ላስቲክ ደግሞ ከግቢ ይወጣል እንጂ ወደ ግቢ አይገባም፤ የሚሸፈን ነገር ከሌለ በቀር።»

ዓይኗን ተስፋው ላይ ተከለች።

«ውኃው እየተንቆረቆረ ወረደ ብለውኛል። ያልተቀደደ ላስቲክ ውኃውን በየት አሳለፈው?»

ተስፋው ማፍሰሻውን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የፍሳሽ ጉድጓዱን እንዳንቆፍር ቋጥኝ ከለከለን። ለሆቴሉ ምርቃት እንድንደርስ ብዬ ቧንቧውን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩት። ምንጩ ውስጥ እንደሚገባ ሳውቅ ሰው መጥቶ ሲዋኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ካሤን ቧንቧው ጫፍ አገኘሁት፤ ለሰፈሩ ሰው አሁኑኑ እነግራለሁ ብሎ መንገድ ጀመረ። ልይዘው ስል ገፋሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወደቀ...»

«ያ ሰፈር ነው ሰሞኑን ልጆች የታመሙበት» አሉ ሐጂ፣ ራሳቸውን እንደሚያናግሩ ሁሉ።

ምንትዋብ ተስፋውን አብረዋት ለመጡት ፖሊሶች አስረክባ እየሮጠች ወረደች። አንዲት ሴት የሞላ ጀሪካን ልታነሳ ጎንበስ ብላለች። እጇን ያዘቻት።

«ድፊው እህቴ። አይጠጣም።»

ሴትዮዋ ለጓደኛዋ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አለቻት። ከደብረ ታቦር ለሥራ የመጣችው ምንትዋብ አልገባትም። ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞራ በአማርኛ ጠየቀቻት።

«ሌላ ውኃ የት አለና?»

ሐጂ ዓብዱረሕማን ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ከምንትዋብ ኋላ ደረሱ። ምንጩን አዩ፣ ጀሪካኖቹን አዩ።

«ከእኔ ቤት ቅጂ» አሉ። «ሁላችሁም ኑ። በሩን ከፍቼው ነው የመጣሁት።»