ማዶ የቆመው ባንዲራ ያዥ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝም ግድ የለኝም፤ ከማያምኑኝ ሰዎች ጋር ነው ያረጀሁት።

መስከረም 1960 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከአዋሽ ከተማ በታች ያለ የጥጥ እርሻ...

በሰባት ዓመቴ በቅሎ ግንባሬን ረግጣኛለች። በዚያ መስከረም፣ ከረገጠችኝ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። አንዳንዴ ዓይኔ እንደተገለጠ፣ ቆሜ እጠፋለሁ... ስመለስ ሰው ከቦኝ ይስቃል። ንዴቴም ከዚያ ወዲህ ልጓም የለውም።

የአገራችን አዋቂዎች ግን "ጋኔን ለክፎት ነው" አሉ። በቅሎዋ ስትረግጠኝ ዓይናቸው እያየ!

የእርሻው ጸሐፊ ታላቅ ወንድሜ ተክለ ማርያም ነበር። ያፍርብኛል።

"አንዴ ብቻ ብትፈዝ፣ ጠበል ወስጄ በሰንሰለት አሳስርሃለሁ" ብሎኛል።

ሥራዬ የተባይ መድኃኒት ለሚረጨው አውሮፕላን ነጭ ባንዲራ መያዝ ነው። እኔ በዚህ ጫፍ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሀሰን በማዶ። አውሮፕላኑ በላያችን ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን እንሄዳለን። ቢሞት ለማያስቆጭ ሰው የሚሰጥ ሥራ!

ያን ቀን አልፈዘዝኩም። እርምጃዬን በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር።

ሀሰን ግን... አውሮፕላኑ ሳያልፍ ይራመዳል።

መድኃኒቱ ሲወርድበት አፉን አይሸፍንም። አያስልም።

በየዙሩም ትንሽ ትንሽ ይቀርበኛል...

በአራተኛው ዙር አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ።

"አምባዬ... እንቅልፍ ጥሎኝ አረፈድኩ።"

ሀሰን ነበር!

ማዶውን አየ። እጁ ትከሻዬ ላይ ደረቀ።

"ማነው እሱ?" አለ በሹክሹክታ።

"ይታይሃል?"

"ወላሂ ይታየኛል... ፊቱ የታለ?"

ሀሰን እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ መኪናው መንገድ ሮጠ።

ወንድሜ ከሾፌሩ ጋር በላንድሮቨር ሲደርስ ያ ጀግና ሀሰን ትንፋሹን ሰብስቦ ነበር።

"ምንም አላየሁም ጋሼ። እሱ ነው ብቻውን የሚያወራው።"

ሥራውን ለማዳን እኔን ሸጠኝ። ናቅሁት። ዛሬም እንቀዋለሁ።

ወንድሜ ወደ ጥጡ አንዴ ዞር አለ። ፈጥኖ ፊቱን መለሰ።

"ፈዘሃል!" ብሎ የጥጥ ጆንያ በሚታሰርበት ሲባጎ እጄን ያስር ጀመር።

"አንተም አየኸው አይደል፣ ጋሼ?"

"ዝም በል!"

ቋጠሮው ሦስት ጊዜ አመለጠው። እብዱ ግን እኔ ነኝ!

ወንድሜ በባቡር ጠበል ሊወስደኝ ነው፤ መኪናው ወደ ጣቢያው ተነሳ። ወንድሜ የማልሰማ መስሎት ወደ ሾፌሩ ጆሮ ጎንበስ አለ።

"ፍጠን... ተከትሎናል።"

ሾፌሩ ምን እንደተከተለን አልጠየቀም።

እጁን ሰደደና የኋላ ማያውን መስታወት ወደ ጣሪያው አዞረው።