ዘመድ ጥየቃ አይደለም

«ዘመድ ጥየቃ አይደለም የምንሄደው» አለች የወርቅውሃ፣ ሰሌዳውን በጠመኔዋ ኳ ኳ እያደረገች። «ይሄንን ከአሁኑ እንግባባ። ማንጎ ለአክስቴ፣ ማር ለአጎቴ የሚባል ነገር የለም። ፓርክ እንገባለን፣ ፓርክ እንውላለን፣ እንመለሳለን። አለቀ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሰራዊት ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ «እናቴን አታውቂያትም ማለት ነው» አለ። «እሷ እኮ ለአዲስ አበባ ሕዝብ በሙሉ ማንጎ ካላዳረሰች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

«እንግዲያው እናትህ ትምጣና ትሰለፍልህ።»

ሳቁ ይበልጥ ደመቀ። የወርቅውሃ ሰው ሲስቅላት ደስ ይላታል፤ ያን ቀን ደግሞ ነገር ሁሉ ቀንቷት ነበር። የትምህርት ቤታቸው የፈጠራ ክበብ የክልሉን ውድድር አሸንፏል። አባላቱ አዲስ አበባ ሄደው ሥራቸውን በዐውደ ርዕይ ያሳያሉ። ሐሙስና ዓርብ ዐውደ ርዕዩ ነው። ቅዳሜ ነፃ ነው። እሑድ ሳይነጋ አውቶቡሱ ወደ አሶሳ ይመለሳል። ለነፃዋ ቅዳሜ አዘጋጆቹ የትልቅ መዝናኛ ፓርክ መግቢያ ሰጥተዋቸዋል።

የቀኑን እቅድ እንድታወጣ ማንም አልመረጣትም ማለት ይቻላል። ዜናው ከተሰማ ጀምሮ ስለ ፓርኩ ከእሷ በላይ ያወራ ስላልነበረ፣ የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ስለሺ ሰልችቷቸው «በቃ አንቺው አውጪው» አሏት። እሷም ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። ምሳ ትጀምርና ትነሳለች። ደብተር ትከፍትና ትዘጋለች። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የፓርኩን ቪዲዮ ታያለች። ከአሶሳ ወጥታ የምታውቀው እስከ ባምባሲ ቢሆንም የፓርኩን መንገድ ከሰፈሯ መንገድ እኩል አውቃዋለች።

ዕቅዷ ሁሉ የቆመው «እባቡ» ላይ ነበር። እባቡ እያሉ የሚጠሩት ሰማይ ላይ ተጠማዝዞ የሚወረወረውን ባቡር ነው። ቅዳሜ ሰልፉ ለጉድ እንደሆነ ከቪዲዮዎቹ አይታለች፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሰው ምሳ ስለሚበላ ሰልፉ ይሳሳል። «እኛ ቀድመን በልተን ስድስት ሰዓት ላይ እንሰለፋለን» አለች። «ከዚያ ካለፈ አበቃ፤ አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ወደ ማረፊያችን ይወስደናል።» የመጀመሪያው ወንበር ላይ የምትቀመጠው እቅድ አውጪዋ እንደሆነችም ተስማሙ። ስሟን ሰሌዳው ላይ በሣለችው እባብ አፍንጫ አጠገብ ጻፈችው።

«ዘመድ የሚባል ነገር እንዳይኖር የምትስማሙ እጅ አውጡ።»

ሁሉም አወጡ። ጓደኛዋ ሂባም አወጣች፤ ከሁሉም በኋላ ቢሆንም አወጣች። ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ የነበሩት ቲቸር ስለሺ ተነሱ።

«እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቡድኑ ተነጥሎ የጠፋ ልጅ ካለ ይሄ ክበብ ዳግመኛ ከአሶሳ አይወጣም። የሚቀጥለው ዓመት ልጆችም በእሱ ምክንያት ይቀራሉ። ተግባብተናል?»

«ተግባብተናል ቲቸር» አሉ በአንድ ድምፅ።

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ የወርቅውሃ ሂባ ቤት ሄደች። ግቢው በቀርቀሃ የታጠረ ነው። የሂባ እናት ዐዋጢፍ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ የደረቀ ባሚያ በከረጢት እያሰረች ነበር። ቤታቸው የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ለየወርቅውሃ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው የፍቅር አጠራር ሆኖላታል።

«ና ልጄ፣ ና ግባ» አለቻት። «አንተ ነው አሉ ፕላን የሚያወጣው?»

«አዎ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ሱለይማን ጋ የምትደርሱት መቼ ነው? ባሚያው ይሄ ነው። ማንጎው ዓርብ... አይደለም፣ መሄጃ ቀን ጠዋት ነው የሚለቀመው፣ መንገድ ላይ እንዳይበሰብስ። ሦስት ዓመት እኮ ነው ልጄ። በስልክ ከስቷል ወፍሯል አይታወቅም። ሂባ በዓይኑ አይቶ ይነግረኛል።»

ሱለይማን የሂባ ታላቅ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ዳቦ ቤት ይሠራል። መንገዱ አስጊ ከሆነ ወዲህ አልመጣም፤ ዘንድሮ አውቶቡስ ቢጀምርም ፈቃድ አላገኘም። የወርቅውሃ ይሄን ሁሉ ታውቃለች። ትናንት ሰሌዳው ፊት ቆማ ስትቀልድ ግን አንዱም ትዝ አላላትም።

ከእናቷ ጀርባ ሂባ ራሷን ነቀነቀችላት፤ ምንም እንዳትናገር ነው።

«ቅዳሜ... ቅዳሜ ነው እማማ» አለች የወርቅውሃ። ከአፏ የወጣው እሱ ብቻ ነበር።

«ቅዳሜ። አላህ ይባርክህ።» ዐዋጢፍ ወደ ከረጢቷ ተመለሰች።

ሂባ የወርቅውሃን ክንድ ይዛ ወደ ውጭ ጎተተቻት። አንድ ባጃጅ አቧራ አልብሷቸው እስኪያልፍ ድረስ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ።

«ምን ብዬ ልንገራት?» አለች ሂባ። «ገና ማሸነፋችንን ስትሰማ ነው ባሚያውን ማድረቅ የጀመረችው።»

«ሱለይማን ማታ ማታ የምናርፍበት ድረስ አይመጣም?»

«ሌሊት ያቦካል፣ ጠዋት ያከፋፍላል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይገባል። ነፃ የሚሆነው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ እኛ ዐውደ ርዕይ ላይ ነን።» ሂባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወርቄ፣ ስሚኝ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችሁም እባቡ ጋ ናችሁ። ሰዉም ብዙ ነው። እኔ ቀስ ብዬ በበሩ እወጣለሁ። ቲቸር ከጠየቁ ሽንት ቤት ሄዳለች በያቸው። በቃ፣ ይቺን ብቻ።»

«የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም እኮ።»

«ውጭ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ።»

«አዲስ አበባ ላይ ብቻሽን? የት ታውቂዋለሽ?»

«አንቺስ የት ታውቂዋለሽ?» አለች ሂባ።

የወርቅውሃ ተናደደች። «ክፍል ውስጥ ለምን አልተናገርሽም ታዲያ? እጅሽን እኮ አወጣሽ።»

«ምን ብዬ ልናገር? አንቺ ማንጎ እያልሽ ሙድ ስትይዢ ሁሉም ይስቃል። እኔ ተነስቼ፣ የኔ ግን እውነት ነው፣ ወንድሜ ናፍቆኛል ልበል?» ሂባ ፊቷን አዞረች። «ያንን ቀን ደግሞ እንዴት እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። ላበላሽብሽ አልፈለግኩም።»

«እሺ ወይም እንቢ በይ» አለቻት ሂባ። የወርቅውሃ «ነገ እነግርሻለሁ» ብላ ሄደች።

ወደ ቤቷ መሄድ ስትችል በገበያው ዞረች። ከገበያው በስታዲየሙ፣ ከስታዲየሙ ደግሞ ምክንያት በሌለው መንገድ ተመለሰች። እሺ ማለት ቀላል ነው። «ሽንት ቤት ናት» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ሂባ ብትጠፋስ? ሱለይማን ቢዘገይ፣ ስልኩ ቢዘጋ፣ ሂባ በማታውቀው መንገድ ዳር ከረጢት ታቅፋ ስትቆም፣ እሷ ሰማይ ላይ ሆና ትጮሃለች። ለቲቸር ብትናገር ደግሞ ሂባን ከጉዞው ሊያስቀሯት ይችላሉ። እንቢ ብላ ዝም ብትልስ? ያኔ ዐዋጢፍን ምን ዓይን ይዛ ታያታለች?

በጣም ያበሳጫት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቋ ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የራሱን ጉዳይ ብቻ ይዞ ሄዶ አያውቅም። ጎረቤት እንኳ «ለልጄ አድርስልኝ» ብሎ በር ላይ ይጠብቀዋል። እሷ ግን ልክ የፓርኩ ጎረቤት እንደሆኑ አድርጋ ነበር ያቀደችው። ሂባን ውሸታም ያደረጋት የእሷ ሕግ ነው። ይሄን ስታስብ ለብቻዋ አፈረች።

በማግሥቱ ጠዋት ቲቸር ስለሺን መምህራን ክፍል በር ላይ አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘመድ ያለው ልጅ ቅዳሜ ዘመዱን ፓርኩ በር ላይ ማግኘት ቢፈልግስ?»

«ዘመድ የለም ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ማን ጠይቆሽ ነው?»

«እኔ ነኝ የምጠይቀው።»

ቲቸር ስለሺ መነጽራቸውን ጠራርገው መልሰው አደረጉ። «እኔም እኮ እህቴ አዲስ አበባ አለች» አሉ። «እዚህ ከተመደብኩ ወዲህ አላየኋትም። እናንተ እጅ ስታወጡ ምን ልበል ብዬ ተውኩት።» ከዚያ ለአዘጋጆቹ ስልክ ደወሉ። ረጅም ሰዓት «እሺ፣ እሺ» ካሉ በኋላ ዘጉት። «ከበሩ ገባ ብሎ መቀመጫ ያለበት ቦታ አለ። እዚያ ድረስ ዘመድ በነፃ መግባት ይችላል። ግን ከእኛ አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው መቀመጥ አለበት። የሚገባውን የሚያይ፣ ልጆቹ ከበሩ እንዳይወጡ የሚጠብቅ፣ ዕቃውን የሚረከብ። እኔ ከሚበዙት ልጆች ጋር ነው የምሆነው። በስንት ሰዓት ነው የምትፈልጊው?»

«በስድስት ሰዓት» አለች የወርቅውሃ።

«በእባቡ ሰዓት?»

«አዎ ቲቸር። ሌላ ሰዓት የማይመቸው ሰው አለ።»

«እንግዲህ በሩ ላይ የሚቀመጥ ፈልጊ» አሏት። «ካገኘሽ እኔ ፈቅጃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ክበቡ ተሰበሰበ። የወርቅውሃ ሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ዛሬ ግን መቀለድ አላማራትም። «ዘመድ አይኖርም ያልኩት ስህተቴ ነው» አለች። «ሰርዤዋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ የፈለገ ሰው በሩ ጋ ከዘመዱ ጋር መቀመጥ ይችላል። ያልፈለገ እባቡ ላይ ይወጣል።»

ክፍሉ ታወከ። አንዷ የአባቷ እህት ልትመጣ እንደምትችል ተናገረች። ሌላው እዚያው ስልክ አወጣ። በሳቁ ሁሉንም ሲመራ የነበረው ሰራዊት እንኳ፣ «እኔ እባቡን አልለቅም፤ ግን የእናቴን ማንጎ በሩ ላይ የሚያስረክብልኝ ሰው ይገኝ ይሆን?» አለ። ያን ቀን እጁን ያወጣው ሁሉ በሆዱ አንድ ሰው ይዞ ነበር ለካ።

የሂባ ዓይኖች ከየወርቅውሃ ላይ አልተነሱም።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች የወርቅውሃ። «በሩ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። እሱ እባቡ ላይ አይወጣም።»

አንዱ ጫማውን፣ ሌላው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። የወርቅውሃ ስትመጣ አንድ ሰው እጅ ያወጣል ብላ አምና ነበር። እነማን እንደሚያወጡ እንኳ በሐሳቧ መርጣ ነበር። ማንም አላወጣም።

«አቦ፣ ያንን ትቶ በር የሚጠብቅ ፋራ ከየት ይመጣል?» አለ ሰራዊት፤ ማንም አልሳቀለትም።

ሂባ ቀስ ብላ እጇን አነሳች። «እኔ ልሁን። ለነገሩ እዚያው ነኝ።»

መፍትሔው ያ ነበር። የወርቅውሃ «እሺ» ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ማንም አይወቅሳትም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሂባ አንድ ዓይኗን ወንድሟ ላይ፣ አንድ ዓይኗን በሩ ላይ አድርጋ ታየቻት። የሰራዊትን ማንጎ እየተረከበች፣ የዚህን አክስት የዚያን አጎት እየተቀበለች፣ ሱለይማን ከሳ ወፈረ ሳታይ ሰዓቱ ሲያልቅ።

«አንቺ አይደለሽም» አለች።

«ለምን?»

«ሦስት ዓመት ያላየሽውን ሰው በር እየጠበቅሽ ነው የምታዪው? አንቺ ከወንድምሽ ጋር ትቀመጫለሽ።»

ሂባ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የወርቅውሃ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። እባቡ አጠገብ የቀረውን ስሟን በመዳፏ አጠፋችው። ፊቷን ሰዉ እንዳያይባት ቶሎ አልዞረችም። «በር» የሚል ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «የወርቅውሃ» ብላ ጨመረች። ደስ አላላትም። ከፍቷታል፣ በጣም ከፍቷታል፤ ቢሆንም መልሳ ልታጠፋው አልፈለገችም።

ከኋላዋ ወንበር ሲጢጥ አለ። ሰራዊት ነበር።

«ወርቄ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ቀልድ ሳይኖረው። «የመጀመሪያው ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ታዲያ?»

ማንም እንዳይቀመጥ ለማለት ፈለገች። ግን ስሙን እንዲጽፍ ጠመኔውን አቀበለችው።

«አንተ ተቀመጥ» አለችው። «ግን ዓይንህን እንዳትጨፍን። ስትወርድ ቀጥታ በሩ ጋ መጥተህ አንድ ሳታስቀር ትነግረኛለህ።»