የግራ አውራ ጣት

አጣቢዋ አሮጊት ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። የራስ ቅላቸውን የሰበረው የከሰል ካውያ አጠገባቸው ወድቋል፤ ዐመዱ ከደማቸው ጋር ተላቁጦ ጭቃ ሆኗል። ለደንበኛ የተተኮሱት ነጭ አንሶላዎች ከእንግዲህ ማንም አይተኛባቸውም። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ደግሞ የለም።

የፖሊስ አለቃው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ «ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው» አለ። «ተከራያቸው ሥጋ ቆራጭ ነው። ቢላዋ ያለው እሱ ነው።»

«ቢላዋማ ባለቤትዎም አላቸው፤ እርስዎ ግን እስካሁን አሉ» አለችው መርማሪዋ። አጭር ስለሆነችና ስለምትወጋ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቁጢጥ ብላ የሟችን እጅ አገላበጠች። አጥንቱ ከመገጣጠሚያው አልተለየም፤ መሐል ለመሐል ተደብድቦ ደቋል። «ሥጋ ቆራጭ መገጣጠሚያ ይፈልጋል። ይሄኛው እንጨት ነው የፈለጠው።»

ድንጋይ የግቢውን በር ደበደበ። «ነፍሰ ገዳዩን አውጡልን!» የሚል ጩኸት ተከተለ። በሩን የያዙት ሁለት ዘበኞች ብቻ ናቸው፤ ሕዝቡ ከገባ ሥጋ ቆራጩ ለፍርድ የሚተርፍ አጥንት አይኖረውም።

ሰውየው ጓዳ ውስጥ የተፈነከተ ግንባሩን በጨርቅ ይዞ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የአሮጊት ጣት ምን ያደርጋል?» አለችው መርማሪዋ።

«የድጎማውን ብር ያወጣል ነዋ! የአረጋውያን ክፍያ በየሁለት ወሩ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ይከፈታል። አሻራ አንብቦ ብሩን ይተፋል። ይህን የማያውቅ የሰፈር ውሻ የለም።»

«የትኛውን ጣት ነው የሚያነበው?»

«የቀኙን አውራ ጣት ነዋ! የኔም እናት በሱ ነው የምትወስደው። ምነው እመቤት፣ እኔ ራሴን እየተፈነከትኩ አንቺ ጣት ትቆጥሪያለሽ?»

መርማሪዋ ከጓዳው ወጣች። ሟችን ስታስታምም ወደኖረችው ሴት ልጃቸው ሄደች። ልጅቷ ከእንባ ይልቅ ንዴት ይቀናታል።

«ቀኝ እጇ በበረኪና አልቆ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የራሷን አሻራ አጥባ ጨረሰችው። በግራ መዘገቧት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«አብሯት የሄደ። ድሮ ወንድሜ ነበር የሚወስዳት። ካባረረችው ወዲህ እኔ ነኝ። ባለፈው ክፍያ ደግሞ...»

መስኮቱ ተሰበረ፤ መስታወቱ ፊታቸው ላይ ረገፈ። መርማሪዋ ጉንጯን በእጇ ጠረገችና በስንጥቁ ወደ ውጭ አየች።

«ያ ድንጋይ የሚያቀብለው ጎረምሳ ማነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«አስገቡት» አለች፤ «የድጎማ ቢሮውን መዝጋቢም ጥሩልኝ።»

ልጁ እያለቀሰ ገባ። «እማዬን የገደላትን በጥርሴ ነው የምበላው!»

«ጥርስህን አቆየው። አንተስ የሥራ አጥ ድጎማ ታገኛለህ?»

«እኔማ ስንቴ ጠይቄ! ‹አንድ ቤት፣ አንድ ድጎማ› አሉኝ። እናትህ እየወሰዱ አንተ አይገባህም አሉኝ። እሷም ይባስ ብላ ልብሴን ደጅ ወርውራ፣ ጎረቤት እየሰማ አባረረችኝ።»

መዝጋቢው ደረሰ፤ ሥጋ ቆራጩም ከጓዳ ወጣ፤ ከእህትና ከወንድም ጋር አራቱ በአንሶላ የተሸፈነውን ሬሳ ከበው ቆሙ።

«ገዳዩ ጣቱን የቆረጠው ለብሩ ነው» አለች መርማሪዋ። «ግን ግራውን ቆረጠ። ጋሼ ቢሆን ቀኙን ነበር የሚወስደው፤ እሱም አጥንት ሳያደቅ። ጋሼ ከጥርጣሬ ወጣ።»

«ተመስገን!» አለ ሥጋ ቆራጩ።

«መዝጋቢው፣ ያ ግራ ጣት ዛሬ ብር ያወጣ ነበር?»

«የለም። እሱም ተልጦ ባለፈው ክፍያ ወደ ዓይን አዛወርናቸው። ማሽኑ አሁን የሚያነበው ዓይናቸውን ነው። ልጃቸው ናት ራሳቸውን ደግፋ ያሳየችልን።»

«እንግዲህ መዝጋቢውም እህትዬውም ያውቃሉ። ለማይረባ ጣት ነፍስ አያጠፉም። የምንፈልገው ስለ ግራው ጣት የሚያውቅ፣ ስለ ዓይኑ ያልሰማ ሰው ነው። ድሮ አብሯቸው ይሄድ የነበረና የቀረ።»

የልጁ እጅ ወደ ኮቱ ውስጥ ገባ። ሲወጣ መሮ ይዟል። እህቱ አንገት ላይ ሲሰነዝር ሥጋ ቆራጩ ክንዱን ያዘና ወደ ኋላ ጠመዘዘው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። ልጁ እየጓጎረ ተንበረከከ። ከኮቱ የሲጋራ ፓኮ ወድቆ ተከፈተ። ጨው ተበተነ፤ ከጨው መሐል የጠቆረ ጣት ተንከባሎ ከአንሶላው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ዓይኗን ብታውቅ ኖሮ ዓይኗን ነበር የምታወጣው» አለችው መርማሪዋ።

«ለምን ታባርረኛለች!» ብሎ ደም የተቀላቀለ ምራቅ ተፋ። «ለእህቴ ቤት፣ ለእኔ ደጅ!»

መዝጋቢው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ እናትህ ያስወጡህ እኮ ድጎማው እንዲገባህ ብለው ነው። አብረሃቸው እስካለህ ሕጉ ይከለክልሃል። ለብቻህ መኖርህን ጎረቤት መመስከር ነበረበት፤ ጎረቤት እንዲሰማ ነው የጮኹት። ‹ምክንያቱን ካወቀ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፣ እኔም ጨክኜ አልመልሰውም፤ አትንገሩት› አሉን። ማመልከቻህ ጸድቋል። ዛሬ ክፍያቸውን ሲወስዱ ሊጠሩህ ነበር።»

ልጁ ቀና አለ። «ታዲያ ብሩን ለመውሰድ ምን ቀረ?»

መዝጋቢው መሬት ላይ የወደቀውን አይቶ ፊቱን አዞረ።

«አሻራህ» አለ። «የራስህ አውራ ጣት።»

 ከውጭ ልጁ ራሱ ሲያቀብለው የነበረው ድንጋይ አሁንም በሩን እየደበደበ ነበር።