ኋላውን የሚዘጋው

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝም ግድግዳው አሁንም ከኋላዬ አለ...

አሁን ያለሁት ጎንደር፣ ቤታችን ነው፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ቤታችን ተከታታይ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፦ ከፊት ሳሎን፣ ቀጥሎ የአባቴ መኝታ፣ ከኋላ ጓዳ። እናቴ በጓዳው ክፍል ሞተች። አባቴ መሪጌታ ፍቅረ ማርያም፣ ተዝካሯ እስኪወጣ አይከፈትም ብሎ ቆለፈው።

በዚያ ሰሞን አንድ ቄስ ከዓባይ በረሃ ያገኘውን ድንጋይ ሰጠው። እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ። ጂኦሎጂ ስለተማርኩ አወቅሁት፤ ፔሪስፊንክተስ የሚባል የጁራሲክ ዘመን የባሕር እንስሳ ቅርፊት ነው። በላዩ እንደ ጎድን የተደረደሩት መስመሮች ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ።

እንስሳው ሲያድግ ወደፊት እየወጣ ኋላውን በግድግዳ ይዘጋ እንደነበር ለአባቴ ነገርኩት። የሚኖረው ከፊት ባለው የመጨረሻ ክፍል ብቻ ነው። በተዘጉት ክፍሎች መሃል አንዲት ቀጭን ቱቦ ታልፋለች።

"በተዘጋውስ ማን ይኖራል?"

"ማንም። ባዶ ነው።"

ድንጋዩን ዳሰሰው። "ምነው ታዲያ ይሞቃል?"

ወስዶ ከእናቴ ክፍል በር ሥር አኖረው።

የተዝካሯ ዋዜማ ነጠላዋን ከጓዳው ላወጣ ሄድኩ። በዕለቱ እኔ እንድለብሰው አደራ ብላኝ ነበር። ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ቁልፉን ይዤ ቆምኩ።

በሩ የለም።

ልሙጥ ግድግዳ... ዳርና ዳሩ ላይ እንደ ቅጠል ጠርዝ የተጨማደደ መስመር። በድንጋዩ ስብራት ላይ፣ ግድግዳዎቹ ከቅርፊቱ ጋር በሚጋጠሙበት ያየሁት መስመር።

ከታች ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ።

"አባዬ... በሩስ?"

እዚያው መካከለኛው ክፍል ካለው አልጋው ላይ ሆኖ አንሾካሾከ። "ቀስ በይ። እናትሽ ተኝታለች።"

"ና፣ ሳሎን እንደር።"

"እሷን ብቻዋን ትቼ? አንቺ ወደፊት ሂጂ፣ ልጄ።"

ብለምነው አልነሳም አለኝ፤ ብቻዬን ሳሎን አደርኩ።

ሲነጋ የእሱም በር አልነበረም፤ በቦታው ያው ግድግዳ፣ ከታች ያው ቀዳዳ።

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከሩቅ ዳዊት ይደግማል... ሲያበቃ አንዲት ሴት "አሜን" አለች።

ለተዝካሩ ሰው መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ታየች አባቴ የት እንደሄደ ጠየቀችኝ። ግድግዳውን አሳየኋት። እዚያ ውስጥ ነው፣ ክፍሉ ተዘጋበት አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። "የምን ክፍል? ይሄ ቤት ድሮም አንድ ክፍል አይደል እንዴ?"

ሁሉም በልተው ሄዱ።

አልጋዬን ወደ ውጭ በሩ አስጠግቼ፣ በሩን ክፍት ትቼ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት ስነቃ የእናቴ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ነበር። የገላ ሙቀቱ ገና አልበረደም።

ሌላው ጫፉ... ወለሉን አቋርጦ፣ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል።