ሙደሲር ያልሸጠው በረኪና

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የማንጎው ጥላ ለሁላችንም ይበቃል። የሙደሲርን ነገር ላጫውታችሁ።

ሙደሲር ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው ዳር የጽዳት ዕቃ ይሸጣል። በሥራው ቀና፣ በቃሉ የታመነ ነው፤ ልቡ የወደደውን መናገር ላይ ግን ምላሱ ይተሳሰራል።

አንድ ቅዳሜ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ አብዱሰመድ ልጅ ረይሐና መጣች። በረኪናና አሲድ አንሥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ሁለቱም ለምንሽ ነው?»

«ለመታጠቢያ ቤት። ቀላቅዬ ላፈስሰው።»

«ኧረ በአላህ! ጭሱ ያፍንሻል። አንዱን ምረጪ።»

«አንተ ምረጥልኛ! ባለሱቁ ማን ሆነና?»

አሲዱን ወደ መደርደሪያው መለሰ። «ሴራሚኩ ላይ ውሃው የጣለውን ነጭ ነገር በአቼቶ አርሺና ፈትጊው። በረኪናውን ሌላ ቀን፣ መስኮት ከፍተሽ።» ዕቃውን ሲያቀብላት ዐይን ለዐይን ተያዩ። ሌላ ገዢ ባይገባ ኖሮ እንደዚያው ቆመው ሊመሽባቸው ነበር።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ከዚያም ቅዳሜን አታስታጉልም፤ አንዴ ብሩሽ፣ አንዴ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንዴ ሽታ ማጥፊያ። እያሸተተች «የሎሚው ይሻላል የጽጌረዳው?» ትለዋለች። እሱ ሳምንቱን ሙሉ የሚነግራትን ሲያሰናዳ ይከርምና፣ ስትመጣ ስለ ሳሙና ያወራል።

አባቱ ያሳደጉት «ለማያስፈልገው የሸጠ ሰረቀ» እያሉ ነው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ በረኪና ስትጠይቀው ያ ቃል ከልቡ ቀድሞ ወጣ።

«ረይሐና፣ ያለፈው እኮ እስከ ረመዳን ያደርስሻል። አልሸጥልሽም። በከንቱ አትመላለሺ።»

ፊቷ ቀላ። «እሺ፣ አልመላለስም» ብላ ወጣች።

እሱ እቴ! ከከንቱ ወጪ አዳንኳት ብሎ ደስ ብሎት ዋለ። አይ የዋህነት!

ቅዳሜ መጣ፤ እሷ ቀረች። ሽማግሌ ለመላክ አሰበና «ሐጂ ለዚህች ሱቅ ልጅ ይሰጣሉ? ትንሽ ላስፋት» እያለ ነገን ሲጠብቅ፣ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ ቀደመው።

ኒካሁ ሲቃረብ ረይሐና ለአዲሱ ቤቷ ዕቃ ልትመርጥ መጣች።

«ሙዴ፣ የእኛ መታጠቢያ ቤት እኮ ቆሽሾ አያውቅም ነበር» አለች፣ መደርደሪያውን እያየች። «እማዬ ‹ሴራሚኩን ፍቀሽ ልትጨርሺው ነው› ትለኝ ነበር።»

ያኔ ገባው። «ምነው ብትነግሪኝ?»

«ከዚህ በላይ ምን ልበልህ? በየሳምንቱ በረኪና ይገዛል?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም።

«አሁንስ?» አላት።

«አሁንማ አባቴ ቃል ሰጥተዋል። አባቴን አላሳፍርም።»

ሙደሲር የሚሻል የሚሻለውን መረጠላት። እስከ ባጃጁ ተሸክሞ፣ እግሯ ሥር አስተካክሎ አስቀመጠላት። «ክዳኑን አጥብቄዋለሁ፤ አይፈስብሽም» አለ። ባጃጁ ወደ ሴቻ ሰፈር የሚያወጣውን ዳገት ሲይዝ እሷ ወደ ኋላ አየች፤ እሱ መንገዱ መሐል ቆሞ ነበር።

ዛሬ ሱቁ ሰፍቷል፤ አግብቶ ወልዷል፣ ተመስገን። ልጆቼ፣ ሲቀላ ወርዳችሁ ከሱ ዘንድ ስትገዙ፣ ይህንንም ያንንም እያሳየ ያቆያችሁ ይሆናል። አትቸኩሉበት። የረይሐናንም ስም ፊቱ አታንሡ፤ ይህቺን ታሪክ ብቻ አስታውሱልኝ።