የማክሰኞ ካርታ

«ሠላሳ አምስት!» አሉ መምህር ኩዋንሳ ሁለት የፈተና ወረቀቶች ከፍ አድርገው። «አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር አንድ ጥቅል የመጫወቻ ካርታ ሠላሳ አምስት ነው ያለኝ ተማሪ አልነበረም። ዛሬ ሁለት አገኘሁ። ሁለቱም ደግሞ አንድ ዴስክ ላይ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አዶማ አልሳቀችም። አጠገቧ ያለችው ንሂራ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥ አደረገቻት።

ጥያቄው ቀላል ነበር። ከአንድ ጥቅል ካርታ አንድ ሲወጣ አስ ሆነ፤ እሱ ሳይመለስ ሁለተኛ ቢወጣ፣ ያም አስ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መምህሩ የጠበቁት ሦስት ከሃምሳ አንድ ነው። ልጆቹ ሁለት ከሠላሳ አራት ብለው ጻፉ። ሲቃለል ሁለቱም አንድ አሥራ ሰባተኛ ይሆናል። መልሱ ልክ፣ መንገዱ ስህተት፤ መምህሩን ያናደዳቸውም ይኸው ነው።

ለአዶማ ካርታ ማለት ስፓር ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ባሕር መግባት በባህላቸው ክልክል ስለሆነ ዓሣ አጥማጁ አጎቷ ኤቦና ጓደኞቹ ጀልባቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ስፓር ይጫወታሉ። ከሁለት እስከ አምስት ያሉት ካርታዎችና ከአራቱ አሶች አንዱ አይገቡም፤ ሠላሳ አምስት ይቀራል። ንሂራ የዕድል ስሌት አልገባ ብሏት ስታለቅስ፣ አዶማ እጇን ይዛ ወደ አጎቷ ወሰደቻት። ኤቦ አንድ አስ አሸዋው ላይ ጣለና «ይቺ ሄደች። አሁን ስንት ካርታ፣ ስንት አስ ቀረ?» አላት። ሦስት ማክሰኞ ፈጀባት። «እንዴ! የሄደውን ሳውቅ የቀረው ይለወጣል ማለት ነው!» ብላ ስትጮህ፣ አዶማ ለራሷ ከገባት ቀን ይልቅ ደስ አላት።

የመጽሐፉ ጥቅል ሃምሳ ሁለት ካርታ ያለው መሆኑ ግን ፈተናው ላይ ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም።

«ይሄ የዓሣ አጥማጆቹ ስፓር ነው» አሉ መምህሩ። «ንሂራ፣ ካርታ ትጫወቻለሽ?»

«ኧረ ቲቸር! የፓስተር ልጅ ሆኜ?»

«ታዲያ ሠላሳ አምስትን ከየት አመጣሽው?»

ንሂራ መሬት መሬት አየች። «አዶማ... ወረቀቷን አሳየችኝ።»

አዶማ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«የአንድ ዴስክ ልጆች ሁለቱም ሠላሳ አምስት ብለው የሚጽፉት ከስንት አንዴ ነው?» አሉ መምህሩ። «እውነት ነው አዶማ? አሳይተሻታል?»

መልሱን አዶማ ታውቀው ነበር። ሁለቱም ከአንድ ጥቅል እንደተማሩ ለሚያውቅ ሰው ምንም የሚገርም ነገር የለውም። ይህን ብትናገር ሁለቱም ነጻ ይወጣሉ፤ እሷም በውጤቷ አንደኛ ስለሆነች ኬፕ ኮስት ከተማ ለሚደረገው የሒሳብ ውድድር ትሄዳለች። ግን ፓስተሩ ቁማር የነካችውን ልጃቸውን ትምህርት ቤት አያስደርሷትም። ታላቅ እህቷን ሜርሲን ስትጨፍር ታየች ብለው ከትምህርት ቤት አስወጥተዋታል፤ ይኸው ሁለት ዓመቷ፣ ገበያ ዳቦ ትሸጣለች። «አላሳየኋትም» ብቻ ብላ ዝም ብትል ደግሞ ንሂራ ሰርቃ የገለበጠች ሌባ ልትባል ነው።

«አዎ» አለች አዶማ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ሁለታችሁም ዜሮ። ኬፕ ኮስት የሚሄደው ኮቢና ነው።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ንሂራ እጇን ልትይዛት ሞከረች። «አትቀየሚኝ፣ ደንግጬ ነው። አባዬ ካርታውን ቢሰማ አለቀልኝ። አንቺ የቀረብሽ ውድድር ብቻ ነው።»

ውድድር ብቻ! አዶማ አንድ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀችለት። እጇን ሰብስባ መንገዷን ቀጠለች።

ፓስተሩ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። መምህር ኩዋንሳ ደውለውላቸዋል።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አሉ ወደ አዶማ። «ልጄ ማጭበርበር የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ማን እንዳስተማራት አሁን ገባኝ።»

አዶማ ንሂራን አየቻት። አንድ ቃል ጠበቀች፤ «ተዋት አባዬ» ብትል እንኳ ይበቃት ነበር።

«ሁለተኛ ከእሷ ጋር አልገጥምም አባዬ» አለች ንሂራ።

ካርታውም፣ ሦስቱ ማክሰኞም አዶማ ከንፈር ላይ ደረሱ። ሜርሲ ባዶውን የዳቦ ትሪ ይዛ በአባቷ ጎን ወደ ውስጥ አለፈች።

አዶማ «ደህና ያምሹ ፓስተር» ብላ ሄደች። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

በማግስቱ መምህሩ እስኪገቡ ንሂራ እንደ ወትሮው ደብተሯን ወደ አዶማ ገፋ አደረገች። «ሁለተኛዋ ጥያቄ አልገባችኝም» አለች በሹክሹክታ። «አባዬ እዚህ አያየንም።»

አዶማ ቦርሳዋን አነሳች፤ ፊት ለፊት ብቻውን ወደተቀመጠው ኮቢና ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች።

ኮቢና ደነገጠ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«የዕድል ስሌት ይከብደኛል አላልክም? ኬፕ ኮስት ውድድሩ ላይ ይመጣል እኮ።»

«እና አንቺ ታስረጂኛለሽ? እኔ እኮ ነኝ ቦታሽን የወሰድኩት።»

«አንተ አይደለህም የወሰድከው» አለችው አዶማ። «ደብተርህን አውጣ።»