ከደም ላይ የተቀመጠው እርሾ

ዘርይሁን ዌስትላንድስ ሰፈር ባለው ዳቦ ቤቱ ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ሞተ፤ ፖሊስ ደግሞ ያልገደለችውን ሴት አሰረ። የታሳሪዋ ቤተሰቦች የጠሯት የግል መርማሪ ማዕዶት ይህን ለማወቅ ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ሰውየው ዳቦ ከምድጃ በሚወጣበት የብረት አካፋ ሦስት ጊዜ ተመትቷል። የመጨረሻው ምት ያረፈበት ከወደቀ በኋላ ነው፤ ከሥሩ ያለው የወለል ሸክላ ሳይቀር ተሰንጥቋል። ደሙ ጠረጴዛውንም፣ ግድግዳውንም፣ የዱቄቱን ሚዛንም አልማረም። የእርሾው ማሰሮ ብቻ ጠብታ አልነካውም። ማዕዶት አነሳችው፤ ከሥሩ ደም አለ። በውስጡ ባለው እርሾ ላይም አዲስ ዱቄት ተጨምሯል። ቀጥላ ፍሪጁን ከፈተች። ከቅቤው ጀርባ ተከድኖ የተቀመጠ አንድ ብርጭቆ እርሾ አገኘች። አብሯት ለነበረው የፖሊስ ኢንስፔክተር ብቻ አሳየችውና መልሳ ዘጋችው።

የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ኤልሳቤት በካቴና ታስራ ተቀምጣለች።

«ዘርይሁን ትናንት በጥፊ መትቶሻል አሉ» አለቻት ማዕዶት።

«ደንበኛ ፊት! ታዲያ ለጥፊ ሰው ይገደላል? ኤሊየን ካርዴን፣ የስደተኛ መታወቂያዬን ወስደውታል፤ ስደተኞች ካምፕ ሊመልሱኝ ነው። ፕሊዝ እህቴ!»

«እርሾው ላይ የምትጨምሪውን ዱቄት በምን ትለኪያለሽ?»

«በሚዛን ነዋ! አንድ ግራም ከተዛነፈ ዘርይሁን ያብድብኝ ነበር።»

የሟቹ ሸሪክ ሐብታሙ ወደ ጊጊሪ ሰፈር ዳቦ አድርሶ መመለሱ ነበር። «እኔም የምለካው በሚዛን ነው፤ ሆቴል የተማርኩት እንደዚያ ነው። እርሾው ሚስቱ አስካለ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ዘርይሁን ግን የፋብሪካው ይፈጥናል እያለ ሊያስወግደው ፈልጎ ነበር።»

የሟቹ ሚስት አስካለ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «በእፍኜ ነው የምለካው፣ እናቴ ሚዛን አልነበራት። ዳቦ ቤቱን ከረገጥኩ ግን ሳምንት አልፎኛል።»

ማዕዶት ሦስቱንም ምድጃው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ማሰሮው የተቀመጠው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ገዳዩ መሸሽ ሲገባው ቆሞ፣ ዱቄት ጨምሮ እርሾውን አድሷል። ሚዛኑ ላይ የደረቀው ደም አልተነካካም፤ ስለዚህ ዱቄቱን በሚዛን አልለካም። የሚያሳዝነው፣ ፖሊሶቹ ሳያውቁ ማሰሮውን ደፍተውታል።»

አስካለ ብድግ አለች። «ፍሪጅ ውስጥ ያለውንስ?»

«ስለ ፍሪጅ ማን አነሳ?»

አስካለ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እርሾውን ዓይኔ እያየ ሲንክ ውስጥ ገለበጠው» አለች። «ደግሞ ይስቃል። ሁለቴ መታሁት። ወድቆም የሚስቅ መሰለኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ የቀረውን በጣቴ ጠርጌ አወጣሁ። በአንድ ዕቃ ብቻ አይቀመጥም፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል ትል ነበር እናቴ። ለዚህ ነው ግማሹን ፍሪጅ ያስገባሁት።»

«ልጅቷ ስትታሰርስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምንም ስለሌለባት ትፈታለች ብዬ።»

«ኤሊየን ካርድ የያዘች ስደተኛን ማን ዝም ብሎ ይፈታል?» አለች ማዕዶት። «ማሰሮው አልተደፋም። ዋሽቼሻለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ከኤልሳቤት እጅ ፈትቶ አስካለ ላይ አሰረው። አስካለ ግን የምታየው ልጅቷን ነበር።

«ኤልሲዬ፣ እኔ እስክመለስ እርሾው ላይ ዱቄት ጨምሪበት፤ አደራ።»

ኤልሳቤት የእጅ አንጓዋን እያሸች አየቻት። «ወደ ካምፕ ሲጭኑኝ ዝም ብለሽ ልታዪኝ ነበርኮ» አለች። ኢንስፔክተሩ የዘረጋላትን ካርዷን ከእጁ መንጭቃ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።